ብርሃን የገባበት ሳንባ

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እኔ ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሬ በሥራ ላይ ሳውል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በአፌ በኩል የገባብኝ ጣጣ አልነበረም። አንድ ቀን ብቻ ከፈትኩት። የገባው ግን ዝንብ ሳይሆን አንድ አገር ሰው ነው። እንዴት እንደገባና እንዴት እንደወጣ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ካስቸኮላችሁኝ ዝርዝሩ ይጎድላል፤ ዝርዝር ሲጎድል ምን እንደሚመጣ ደግሞ ነገሩ ራሱ ያሳያችኋል።

ከሚሴ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ በአንድ የቆርቆሮ በረንዳ ሥር ሰዓት እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም። መጀመሪያ የፈታሁት የአጎቴን ሰዓት ነው፤ መልሼ ስገጥመው ሁለት ብሎን ተረፈኝ። ሰዓቱ መሄዱን አላቆመም፤ አጎቴ ግን ከዚያ ወዲህ ቤቱ አላስገባኝም። ማንበብም እንዲሁ ብቻዬን ነው የተማርኩት፤ መኪና ላይ ከተጻፈ ጽሑፍና ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ። ስለዚህ እውቀቴ ሁሉ ዳር ዳሩ የተቀደደ ነው። የብዙ ነገር መጀመሪያውን አውቃለሁ፤ መጨረሻውን ስኳር የገዛ ሌላ ሰው ይዞት ሄዷል።

ጣጣ ያመጣችብኝ ጋዜጣም እንደዚያው ናት። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የቆመ የኪስ ሰዓቱን ጠቅልሎ አመጣልኝ። ሰዓቱን ወደ ጎን አድርጌ መጠቅለያውን ማንበብ ጀመርኩ። ሾፌሩ፣ «ወንድሜ፣ የተበላሸው ውስጥ ያለው ነው» አለኝ። አልሰማሁትም። ጋዜጣው ሌዘር ስለሚባል አዲስ ብርሃን ያወራል። እንደ ፋኖስ ብርሃን ወዲያና ወዲህ የማይበተን፣ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ የሚሄድ ብርሃን ነው። ባሕር ማዶ ያሉ ሐኪሞች በዚህ ብርሃን፣ ቢላ ሳይነኩ፣ ሰው ዓይን ውስጥ የተላቀቀ ስስ ሽፋን መልሰው አጣብቀዋል ይላል። ከዚያ በታች እንዲህ የሚል አለ፦ «ሊቃውንቱ ይህ ብርሃን አንድ ቀን ለሳንባ ሕመም ጭምር መድኃኒት ይሆናል ብለው ተስፋ ያደርጋሉ። ነገር ግን»

ከ«ነገር ግን» በኋላ ወረቀቱ ተቀዷል።

ያን ሰዓት አጠገቤ ካለው አግዳሚ ላይ አባ ይማም ተቀምጠው ነበር። አባ ይማም ጨፋ ላይ ማሽላ የሚያርሱ፣ ከተማው ውስጥ ግን በመንዙማ የሚታወቁ ጎረቤቴ ናቸው። ወዳጃ በተጠራ ጊዜ፣ ሰዉ ተሰብስቦ ለታመመው፣ ለተጓዡ፣ ለዘገየው ዝናብ ዱዓ ሲያደርግ፣ መንዙማውን የሚያወጡት እርሳቸው ነበሩ። ድምፃቸው ከቦርከና ወንዝ ወዲህ ተነሥቶ ከቦርከና ማዶ ያርፋል ይባል ነበር። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ቢሆንም እርሳቸው ሲጀምሩ የያዝኩትን ወረንጦ አስቀምጣለሁ። አንድ ሐሙስ በሰዓት ለክቻቸዋለሁ፤ በአንድ ትንፋሽ ሠላሳ አንድ ሴኮንድ። ካለፈው መኸር ወዲህ ግን ሳል ያዛቸውና ከስተው፣ ከስተው፣ ትንፋሻቸው ሰባት ሴኮንድ ላይ ደረሰ። መንዙማውን ለሌላ ሰው ለቀቁ። ሐኪም ቤት ሂዱ ሲባሉ፣ «ሳል እንግዳ ነው፣ ደክሞት ይሄዳል» ይላሉ። በረንዳዬ ላይ እየመጡ የሰዓቶቹን ድምፅ ያዳምጣሉ። «ሰዓት መልካም ነው፤ አይደክመውም» አሉኝ አንድ ጊዜ። ሰዓትም እንደሚደክመው፣ እንጀራዬም እሱ እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

«ምን አገኘህበት? ብቻህን ትስቃለህ» አሉኝ።

«ብርሃን ነው አባ ይማም። ሰው በብርሃን እያከሙ ነው።»

«በፀሐይ?»

«የለም፣ በተሠራ ብርሃን። ቢላ የለ፣ ደም የለ።»

«ምኑን ነው የሚያክሙት?»

«ዓይኑን።»

እዚህ ላይ አፌን ዘግቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው አይኖረኝም ነበር። ነገር ግን ሳል ጀመራቸው። ረጅም ነው፤ አግዳሚው ራሱ ይንቀጠቀጣል። ሲጨርሱ ከንፈራቸውን በኩታቸው ጫፍ ጠርገው፣ ጫፉን ሳላየው ቶሎ አጠፉት፤ ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ዓይን ብቻ ነው?»

«ሳንባም» አልኩ።

ሳንባም! «አንድ ቀን» የሚለውን ጣልኩት። «ተስፋ ያደርጋሉ» የሚለውን ጣልኩት። «ነገር ግን»ን ጣልኩት። ከአጎቴ ሰዓት የተረፈኝ ብሎን ሁለት ነበር፤ ከዚህኛው ሦስት ተረፈኝ።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ሳልከፍት የአባ ይማም ባለቤት እማ ዘሀራ ደጄ ላይ ቆመዋል። ከእርሳቸው ኋላ ሁለት ጎረቤት፣ ከጎረቤቶቹ ኋላ ደግሞ የነሱ ጎረቤቶች።

«አንተ ሰዓቱ!» አሉኝ። ስሜን ያውቁታል፤ አይጠቀሙበትም እንጂ። «አካም ጅርታ፣ ደህና አደርክ? ያ የሳንባ ብርሃን የት ነው ያለው?»

«ኧረ እማ ዘሀራ፣ ሩቅ ነው፣ ባሕር ማዶ…»

«ደሴ ሐኪም ቤት ራጅ የሚሉት ብርሃን የለም?»

«አለ፤ እሱ ግን…»

«አለ ብሏል!» ብለው ወደ መንገዱ ዞረው አወጁ።

እሱ ግን ሌላ ነው ልል ነበር። ከዚያ አሰብኩ፤ ማሰብ የዝምተኛ ሰው በሽታ ነው። እኚህ ሰው ስንት ወር ሐኪም ቤት አልሄድም ብለዋል። አሁን ስለ ብርሃኑ ብለው ሊሄዱ ነው። ይሂዱ እንጂ! እዚያ ሲደርሱ ሐኪሙ የሚያደርገውን ያውቃል። አንድ ስሕተት ሰውን ወደ ትክክለኛው ቦታ ከወሰደ ምን ክፋት አለው? ይህን ብዬ ዝም አልኩ፤ በዝምታዬም ተደሰትኩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለመንገዱ ወዳጃ ተጠራ። እኔም ተጠራሁ፤ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዱዓውን የሚመሩት ሼህ እጃቸውን ዘረጉ።

«ብርሃኑ ይግባበት!»

«አሚን!»

«ደረቱን ያብራለት!»

«አሚን!»

«ይህን የምሥራች የነገረንን ልጅ ያቆይልን፤ ቃሉ አይታጠፍ!»

«አሚን!» ቤቱ ተንቀጠቀጠ። እኔም በቀጭን ድምፅ አሚን አልኩ። በእኛ አገር ዱዓ የተደረገበት፣ አሚን የተባለበት ነገር እንደ ተተኮሰ ጥይት ነው፤ ና ተመለስ አይሉትም።

ያው ሾፌር ሰዓቱ ስለተሠራለት ደሴ ድረስ ጫነን። ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን ዳገት ስንወጣ ብርዱ ቢበረታም አባ ይማም ከጉጉት የተነሣ መሳላቸውን ተዉ። ሐኪም ቤቱ ሲደርሱ፣ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ተራ ጠብቀው፣ ወደ ጨለማው ክፍል ገቡ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ እሰማለሁ።

«ደረትዎን እዚህ ያስጠጉ አባት። ትንፋሽ ይሳቡ። ይያዙ!»

ለመንዙማ ሰው ትንፋሽ ያዝ ማለት የክብር ጥሪ ነው። ያዙ። መሣሪያው ጓ አለ።

«ይተንፍሱ።»

ዝም።

«አባት፣ አልቋል፣ ይተንፍሱ!»

ዝም። ብርሃኑ ጠግቦ እንዲገባ ጊዜ እየሰጡት ነው። በመጨረሻ ራጅ አንሺው ትከሻቸውን ሲወዘውዛቸው ሳላቸው ተነሣ። ፊታቸው ቀልቶ ወጡና ጆሮዬ ሥር፣ «ገባ» አሉኝ። «ቀዝቃዛ ነው። እዚህ ጋ ዳሰሰኝ።» የዳሰሳቸው ደረታቸውን ያስጠጉበት ብረት ነው።

ሐኪሙ የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ለሁለታችንም አሳየን። በስተግራ፣ ከላይ፣ ክረምት የመጣ ጊዜ ጨፋ ላይ እንደሚንጠለጠለው ያለ ደመና አለ።

«የሳንባ ነቀርሳ ነው» አለ። «ይድናል። መርፌ በየቀኑ ለሁለት ወር፣ ክኒን ከዓመት በላይ። ከሚሴ ክሊኒክ ያለው ድሬሰር ይወጋልዎታል። ሲስሉ አፍዎን ይሸፍኑ፤ መጠጫዎን ለብቻ ያድርጉ። ካልታከሙ ግን ይህ ደመና ሳንባዎን ይጨርሰዋል።»

ግቢው ውስጥ ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት አባ ይማም አጣጥፈው እጄ ላይ አኖሩት።

«ከጋዜጣህ ጋር አስቀምጠው።»

«መርፌውስ አባ ይማም?»

«ቢላ የለ፣ ደም የለ አላልከኝም? ብርሃን በገባበት ደረት ብረት ማስገባት አደብ ማጣት ነው።»

«ያ እኮ ፎቶ ነው። የውስጥ ፎቶ።»

«ፎቶ አንሺ ቀና በል ነው የሚለው» አሉ በትዕግሥት። «ይህ ትንፋሽህን ያዝ ነው ያለኝ።»

ሰው ሲሳሳት እንዲህ አጥርቶ ከተናገረ መልስ አይገኝለትም። በተመለስንበት መኪና ላይ ሰባት ዓይነት መልስ አዘጋጀሁ፤ ሰባቱም ከሚሴ ስንደርስ ሰዉ ባወጣው እልልታ ጠፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አታምኑኝም፤ ግን በማርያም እውነት ነው። ሰው ብርሃን የገባበትን ደረት ለማየት መምጣት ጀመረ። አንዱ፣ «ሲመሽ ያበራል?» ብሎ እማ ዘሀራን ጠየቃቸው። «ቢያበራማ ኩራዙን በሰጠሁህ» አሉት። እኔ ላገኘሁት ሁሉ፣ «ፎቶ ነው፤ ሕክምናው መርፌው ነው» እያልኩ ዞርኩ። ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኛል። «አየህ፣ ምስጋና አይወድም» ይባባላሉ። በካድኩ ቁጥር ከበርኩ። ድሬሰሩ መርፌውን ቀቅሎ በየጠዋቱ ይጠብቃል፤ ታካሚ የለም።

ከሰንበቴ ገበያ አንድ የግመል ነጋዴ የምትስል ግመል እየሳበ በረንዳዬ ድረስ መጣ። ደሴ የሚጭናት መኪና ስለሌለ እኔው ዓይኔ ላይ በምሰካት ማጉያ መስታወት እንዳክማት ጠየቀኝ።

«ይህች ፀሐይን ሰብስባ ከማቃጠል በቀር የምታውቀው የለም» አልኩት።

«ታዲያ ለግመል ከመተኮስ የበለጠ ምን መድኃኒት አለ?» አለኝ።

ከመጡት ሁሉ ሐሳቡ የተስተካከለ እሱ ብቻ ነበር። ግመሏ ግን አልተስማማችም፤ በረንዳዬን ይዛ ሄደች። ሁለት ቆርቆሮ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አባ ይማም ግን አልሳሉም። አሥራ አንድ ቀን ቆጠርኩ፤ በሰው ፊት አንድም ጊዜ አልሳሉም። ወደ መጨረሻው እኔም ራሴ መጠራጠር ጀመርኩ። ምናልባት ከ«ነገር ግን» በኋላ ያለው መልካም ነገር ይሆን? የራሱን ውሸት ማመን የጀመረ ሰው ቶሎ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ለእሱ የሚሆን መርፌ ደሴም የለም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የአንድ ገበሬ ሰዓት ላደርስ ወደ ጨፋ ወረድኩ። በአባ ይማም ማሳ ዳር ሳልፍ ሳል ሰማሁ። ከማሽላው መካከል ነው። አገዳውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ቁጢጥ ብለው፣ ኩታቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ ድምፁ እንዳይወጣ ታፍነው ይስላሉ። ሲያልቅላቸው መሬቱ ላይ ያለውን ቀይ ነገር በእግራቸው አፈር መለሱበት። ከዚያ ቆመው ጢማቸውን አስተካከሉ፣ ፊታቸውን ፈታ አደረጉ፣ ጤነኛ ሰው ሆነው ወደ መንገዱ ወጡ። አላዩኝም።

ሰዓቱን ሳላደርስ ተመለስኩ። የማይናገር ሰው አይዋሽም ብዬ ነበር የኖርኩት። ለካ ዝምታም ይዋሻል፤ እንዲያውም ምስክር ስለማይገኝበት ይብሳል። አንድ ቃል ብጨምርላቸው ደስ ይላቸዋል ብዬ ሦስት ቃል ቀነስኩ፤ እርሳቸው ደግሞ በቀነስኩት ቦታ ገብተው ሊሞቱ ነው።

የሚቀጥለው ሐሙስ ሳልጠራ ወዳጃው ላይ ሄድኩ። ዱዓው ሊጀመር ሲል ብድግ አልኩ። እኔ ሰው ፊት ቆሜ ስለማላውቅ ሰዉ ሁሉ የሞተ ሰው ያለ መሰለው። ጋዜጣዋን አውጥቼ አነበብኩ፤ ከመጀመሪያዋ ፊደል እስከ «ነገር ግን» ድረስ። ከዚያም የተቀደደውን ጠርዝ ለሁሉም አሳየሁ።

«እኔ ስነግራችሁ ይህን፣ ይህንና ይህን አስቀርቻለሁ። ደሴ ያለው ብርሃን ይህኛው አይደለም፤ ያኛው በሽታውን ለማየት ብቻ ነው። ይህኛውም ቢሆን ለሳንባ ገና ተስፋ ነው። አባ ይማም መርፌውን ካልተወጉ…» አልጨረስኩትም። «አፉ በሉኝ፤ ይቅር በሉኝ።»

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው፣ «ታዲያ አሚናችን የት ሄደ?» አሉ።

የፈራሁት ይህን ጥያቄ ነው። ያን ጊዜ አባ ይማም ከተቀመጡበት ተናገሩ።

«ይህን ልጅ ተዉት። እኔ አውቄዋለሁ። ሐኪሙ መስኮቱ ላይ ደመናውን ሲያሳየኝ ነው ያወቅሁት። ግቢው ውስጥ ስሟገተው ልቤ ከእሱ ጋር ነበር።»

«አላህ! ለምን ታዲያ?» አሉ ሼሁ።

«ይህ ሁሉ ሰው አሚን ብሎልኛል። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ማሻአላህ ይለኛል። በምን ፊቴ ልሳል? የሰዉን አሚን ሐሰት ላድርገው? ይህንን ልጅስ ላዋርደው? ማሽላዬ ውስጥ እየሄድኩ እስላለሁ፤ ማሽላ ሰው አያማም።»

ከሴቶቹ መጋረጃ ማዶ የእማ ዘሀራ ድምፅ መጣ።

«ማል ጎና! ምን ላድርግ ከእናንተ ጋር!» አሉ። «አንዱ እንዳያዝን ብሎ ይዋሻል፣ አንዱ እንዳያፍር ብሎ ይሞታል! ምን ብላችሁ ነበር ዱዓ ያደረጋችሁት? ብርሃኑ ይግባበት አላላችሁም? ገባ። ደረቱን ያብራለት አላላችሁም? አበራ፤ በሽታው ታየ። ጨለማ ቤት ፋኖስ ያስገባችሁ እንደሆነ ፋኖሱ ቤቱን ይጠርግላችኋል እንዴ? መጥረጊያ የሚያነሣ ሰው ነው! አሚናችሁ የትም አልሄደም፤ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል።»

መጀመሪያ የሳቁት ሼሁ ናቸው፤ ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። «ዘሀራ ፈርዳለች» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። «መርፌው ይግባበት!»

«አሚን!»

አንዲት አሚን ከሁሉም ዘግይታ መጣች። የአባ ይማም ናት።

በእኔም ተፈረደብኝ፤ ሁለቱን ወር ሙሉ በየጠዋቱ ክሊኒክ ድረስ አብሬያቸው እንድሄድ። ሄድኩ። ያ በመንዙማ ቦርከናን የሚያሻግር ሰው መርፌ ሲያይ የእጄን አንጓ እንዴት አድርጎ እንደሚጨብጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሲወጉ የሚያስጠጉትን ጎን ያምታቱ ነበርና ተራውን የምይዘው እኔ ነኝ። «ዛሬ የማን ቀን ነው?» ይሉኛል። «የግራው» እላለሁ። «ትናንትም የግራው አልነበረም?» «አልነበረም።» ድሬሰሩ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ምድጃው ይዞራል። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ደሴ ወጥተን ራጅ ተነሡ፤ ይህን ጊዜ ተንፍሱ ሲባሉ ተነፈሱ። ደመናው ሳስቷል። ክኒኑ ግን ይቀጥል ተባለ፤ ቀጠለ፤ ዓመት አለፈው።

ጋዜጣዋ በረንዳዬ ውስጥ፣ ከመሣሪያ ሣጥኔ ክዳን ላይ ተለጥፋለች። አባ ይማም ገበያ በወጡ ቁጥር ጨው የተጠቀለለበትንም፣ ሳሙና የተጠቀለለበትንም ወረቀት እየሰበሰቡ ያመጡልኛል። ጠርዙን ከጠርዙ ጋር እናገጥማለን። ከ«ነገር ግን» ጋር የሚገጥም እስካሁን የለም።

ባለፈው ሐሙስ እንደ ልማዳቸው አንድ ቁራጭ ይዘው መጡ። አነበብኩላቸው፤ ስለ ቆዳ ንግድ ነው።

«የሳንባው ብርሃን አልደረሰም ማለት ነው?»

«አልደረሰም። ገና ተስፋ ነው።»

«ይድረስ። እኔ እጠብቀዋለሁ፤ ትንፋሽ አለኝ» አሉና አግዳሚው ላይ ተደላድለው መንዙማ አወጡ። እኔ ወረንጦዬን አስቀምጬ ሰዓቱን አነሣሁ። ሲያቆሙ ጎንበስ ብለው የሰዓቱን ፊት አዩ፤ ማንበብ ግን አይችሉም።

«ስንት?»

«ሃያ ስድስት።»

«ሠላሳ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«አይደለማ፣ አባ ይማም።»

ሳቁ። ከሆዳቸው ነው የሳቁት፤ አግዳሚው ተንቀጠቀጠ። እኔ ግን አብሬ አልሳቅሁም፤ ጆሮዬን ጥዬ፣ ሰዓቱን በእጄ እንደያዝኩ፣ ከሳቁ በኋላ ይመጣ የነበረውን ሳል ጠበቅሁ። ግማሽ ደቂቃ ጠበቅሁ። አንድ ደቂቃ ጠበቅሁ። አልመጣም።